ከሌሊቱ 8 ሰዓት የጎረቤት በር ማንኳኳት አፍሬ አደርኩ፤ ልጄ ደህና ናት፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ

የሚጣ እናት (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ጥያቄዬ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያሳለፍነውን ሳልናገር ብጠይቅ ግን መልሱም ጎዶሎ ይሆናል።

ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወሯ ነው፣ ሚጣ እንላታለን። እኔ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት እሠራለሁ። ጠዋት ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደርሼ፣ ሐረጎን በጉም ወርጄ፣ ማታ ሐረጎን በጉም ወጥቼ እገባለሁ። ቀን ቀን ልጅቷን የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ሰሞን በባቲ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ ወርዶ ነበር። ባቲን ካለፈ በኋላ ስልኩ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም።

ዓርብ ማታ ስገባ ሮጣ አልመጣችም። ሌላ ቀን የግቢው በር ሲንቋቋ ገና ሳልገባ "እማ" እያለች ነው የምትቀበለኝ። አማቴ ጭን ላይ እንዳለች ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ተኛች። "ከቀትር ወዲህ ሦስቴ አስቀምጧታል" አሉኝ። ግንባሯን ስነካው ሞቅ ብሏል። ክረምት ነው፣ ነሐሴ ነው፣ ልጅ ያስቀምጠዋል ብዬ አልደነገጥኩም። ጡት አሁንም አልጣለችም፤ ጡት አጠባኋትና አቅፌያት ተኛሁ። ሌሊት ሁለቴ ተነሳን።

ቅዳሜ ጠዋት ማስመለስ ጨመረች። ወደ ፋርማሲ ሮጥኩ። እኛ ሰፈር ለምለም የምንለውን ኦአርኤስ፣ ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት፣ ሁለት ፓኬትና የዚንክ ፍሬ ገዛሁ። አበጣጠሩን ነግሮኛል መሰለኝ፣ ጆሮዬ ግን ቤት ነበር። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካኑ ውስጥ የቀረችውን አፈላሁና አቀዘቀዝኩ። እጄ ላይ የነበረው የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው፤ አንዱን ፓኬት እንዳለ ገለበጥኩበት። ይህን ልብ በሉት፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ሚጣ አንዴ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። እኔ ደግሞ መድኃኒት ነው ብዬ አፏን በግድ ከፍቼ በኩባያ አጠጣኋት። ሁሉንም መልሳ ላዬ ላይ አወጣችው።

ከዚያ ጎረቤት መምጣት ጀመረ። አንዷ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ መጣች። ሌላዋ ጥርስ ነው አለች። አንዷ ደግሞ ልጇ ጠጥቶ ያስተረፈው የፍላጀል ሽሮፕ አለ፣ ላምጣልሽ አለችኝ። አማቴ እንጥሏ ወርዶ ነው፣ የሚያወጡ ሴትዮ አሉ፣ እንውሰዳት አሉ። አማቴን እወዳቸዋለሁ፤ እሳቸው ባይኖሩ ሥራም አልሠራም ነበር። ግን የእኔ ታላቅ ወንድም በሕፃንነቱ እንጥሉን ተቆርጦ ደም አልቆም ብሎት እናቴ የተሰቃየችውን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። "እማማ፣ ይህን አያድርጉብኝ" አልኳቸው። ዝም አሉ። እሳቸው ፍልሰታን ይጾማሉ፤ ምግብ እስከሚቀምሱበት ሰዓት ድረስ ልጅቷን አቅፈው እየተንጎራደዱ ዋሉልኝ። እናቴ ከሐርቡ ደውላ "አብሽሪ፣ ዱዓ እያደረግን ነው" አለችኝ። ወሎ አይደል፣ በአንድ ልጅ ላይ ጸበሉም ዱዓውም አንድ ላይ ደረሰ።

"ሆዷ ይረፍ፣ ምንም አታቅምሻት" ያሉኝም ነበሩ። ለግማሽ ቀን ሰማኋቸው። አሁን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው መብራት ጠፋ። ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አራት ጊዜ አስመለሳት፤ ማስቀመጡን መቁጠር አቆምኩ። ጨርቋን ስቀይር ከቀትር ወዲህ ሽንት እንዳልሸናች ተገነዘብኩ። በስልኩ መብራት ፊቷን አየሁት፤ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ስታለቅስ ድምፅ አለ፣ እንባ የለም። አንዲት ጠብታ እንኳ ፈለግሁ፣ በጣቴ ከዓይኗ ሥር ዳበስኩ፣ ደረቅ ነው።

በነጠላ፣ ከዚያ በጋቢ ጠቀለልኳትና ወጣሁ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ሰዓት ባጃጅ አይታሰብም። ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ያሉት ጋሼ ግን መኪና አላቸው። በራቸው ድረስ ሄድኩ። እጄን አንስቼ ቆርቆሮው ላይ አደረግሁት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው።

አላንኳኳሁም።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ በሌሊት በር የሚንኳኳው ለመርዶ ነው። ጋሼና እትዬ ከቤት ከወጣ የቆየ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ሲደውል ይደውላል፣ ሳይደውል ወር ይሞላዋል። በየስልኩ ጥሪ እትዬ ደረታቸውን ሲይዙ አይቻለሁ። በዚያ ሰዓት በራቸውን ብመታው ከአልጋ የሚነሱት የልጃቸውን መርዶ ሊሰሙ ነው። ይህን አሰብኩ፣ እጄን መለስኩ፣ ልጄን ይዤ በዝናብ ተመልሼ ገባሁ። አሁን ስጽፈው እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል። ለሰው ልብ አዝኜ ነው ወይስ ፈሪ ሆኜ ነው? የእኔ ልጅስ?

ገብቼ ያን ጨው ጨው የሚለውን ተውኩት። ማታ ለእማማ ከተቀቀለው ሩዝ የቀረ ውሃ ነበር፤ ትንሽ አሙቄ በሻይ ማንኪያ ሰጠኋት። አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ በስልኩ ሰዓት አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላ ማንኪያ። በመሃል ጡት። የስልኩ ባትሪ ሲያልቅብኝ በልቤ እስከ ስድሳ እየቆጠርኩ። ስታስመልስ ቆም እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እጀምራለሁ። አማቴ አጠገባችን ተቀምጠው አብረውኝ ይቆጥሩ ነበር፤ ስሳሳት ያርሙኛል። የመስጊዱ አዛን ሲሰማ የመጨረሻዎቹ ሃያ ማንኪያዎች ሆዷ ውስጥ ረግተው ነበር። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑም ማሰማት ጀመረ፣ ነጋ።

እሁድ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጅ አግኝተን ጤና ጣቢያ ደረስን። ነርሷ የሆዷን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሰገራዋ ውስጥ ደም አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ የለም። ውሃ በኩባያ ስታሳያት ሚጣ ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘች፤ በጣም ጠምቷት ነበር። ከዚያ አንድ ጥግ ላይ አስቀመጡንና በአራት ሰዓት ውስጥ ወደ 800 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ እንድሰጣት ነገሩኝ፣ በማንኪያ፣ በማንኪያ። ቤት እንዴት እንደበጠበጥኩት ስነግራት ነርሷ "ውይ እህቴ፣ በግማሽ ሊትር?" አለችኝ። አልተቆጣችኝም፤ አንድ ሊትር የሚይዝ ማሰሮ አምጥታ እያየሁ በጠበጠችልኝ። ጣዕሙ እንባ እንባ ይላል፣ የእኔው የባሕር ውሃ ነበር። መርፌ አልወጓትም፣ አንቲባዮቲክ አልሰጧትም። መጀመሪያ ይህ ቅር ብሎኝ ነበር፣ ሕመሟን የናቁት መስሎኝ።

5 ሰዓት ገደማ ጭኔ ላይ ሸናችብኝ። ቀሚሴ በሙሉ ራሰ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የነበረች እናት ምን ሆነሽ ብላ ደነገጠች።

ዛሬ ሰኞ ነው። ሥራ ቀርቻለሁ። ማስመለሱ ቆሟል፣ ዛሬ ያስቀመጣት አንዴ ብቻ ነው። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። በዚያ ሌሊት ምን ማድረግ ነበረብኝ? እናንተ ብትሆኑ መቼ ትነሱ ነበር? ዚንኩን ለ10 ቀን ስጪ ብለውኛል፤ ተቅማጡ ከቆመ ለምን እቀጥላለሁ? የሮታ ክትባቷን በ6 እና በ10 ሳምንቷ ወስዳለች፤ ታዲያ ለምን ታመመች? ነገም ሥራ ብቀር ምን ይሉኛል የሚለውም ያስጨንቀኛል፤ ግን ይህ ከሁሉም የመጨረሻው ነው።


ነርስ ነኝ (ኮምቦልቻ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

የሚጣ እናት፣ እንኳን ልጅሽ ተረፈችልሽ። የሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፤ ልጅሽን አላየኋትምና የምጽፈው ከአንቺ ጽሑፍ ተነስቼ ነው።

በሐቁ ልንገርሽ፣ ከመደበቅ ይሻላል። አዎ፣ ሌሊት መውጣት ነበረብሽ። ከቀትር ወዲህ ያልሸና ልጅ፣ ያለ እንባ የሚያለቅስ ልጅ፣ ዓይኑ የጎደጎደ ልጅ ውሃ አልቆበታል ማለት ነው። አንቺ ያየሽውን በትክክል አይተሻል፤ ብዙ እናት እያየችውም ያንን አትለየውም። እሁድ ጤና ጣቢያ ስትደርሺ ግን ሚጣ ኩባያውን ራሷ ይዛለች፣ ቆዳዋም ቀስ ብሎ ቢሆንም ተመልሷል። ይህ ከባዱ ደረጃ አይደለም። ከባዱ ልጁ ሲዝለፈለፍ፣ ቢቀሰቅሱት ዓይኑን መግለጥ ሲያቅተው፣ መጠጣት ሲሳነው፣ የተቆነጠጠው ቆዳ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ቆሞ ሲቀር ነው። ያኔ በደም ሥር ካልሆነ አይሆንም፤ ደቂቃም አይጠበቅም። የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ወይም ሰገራው ደም ያለበት ልጅም ሌሊት ነው ቀን ነው ተብሎ አይታደርም። እዚያ ደረጃ ያላደረሳት የአንቺ ማንኪያ ነው። ጡቱና የሩዙ ውሃ ልጅሽን ይዘው አድረዋል።

ስለ ኦአርኤሱ። ፓኬቱ ጀርባ ላይ 20.5 ግራም የሚል ከሆነ የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ነው፣ በሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ማለት ነው። ለትንሽ ውሃ የተዘጋጁ ፓኬቶችም ስላሉ ሁሌም ጽሑፉን አንብቢ። በግማሽ ውሃ ሲበጠበጥ ጨውና ስኳሩ እጥፍ ይሆናል፤ አንጀት ውሃ ወደ ውስጥ በማስገባት ፋንታ ከሰውነት ስቦ ያወጣል፣ ተቅማጡ ይብሳል፣ ደሟ ውስጥም ጨው ይከማቻል። ሚጣ ፊቷን ያጨማደደችው ለዚህ ነው፣ ልጅ ያውቃል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ለስላሳ መጠጥና የታሸገ ጁስ አትስጫት፤ ስኳሩ ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል። ፓኬት ባይገኝ በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ከዚያ የበለጠ ጨው አይጨመርም።

አሁንም ካስቀመጣት ከእያንዳንዱ በኋላ በእሷ ዕድሜ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ስጫት፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ገደማ። ብታስመልስ አሥር ደቂቃ ጠብቂና ከበፊቱ ቀስ ብለሽ ቀጥዪ። ያንን ሌሊት በራስሽ አግኝተሽዋል።

ዚንኩን አታቋርጪ። በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም ፍሬ፣ እስከ አሥረኛው ቀን። በማንኪያ ውሃ ውስጥ ራሱ ይሟሟል። የዛሬውን ተቅማጥ ለማቆም ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ የተጎዳው አንጀቷ እንዲጠገንና በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ወራት ተመልሶ እንዳይዛት ነው። እናቶች በሦስተኛው ቀን የሚተዉት ልክ አንቺ ባልሽው ምክንያት ነው፣ ቆመ ብለው።

የሮታ ክትባት እዚህ አገር የገባው በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ክፍላችን በየዓመቱ ምን ይመስል እንደነበር የቀደሙት ባልደረቦቼ ይነግሩኛል። ክትባቱ የሮታን ከባድ ሕመም ይከላከላል፤ ተቅማጥ የሚያመጣ ግን ሌላም ብዙ ቫይረስና ባክቴሪያ አለ። አንቲባዮቲክ ያልሰጡሽም ንቀት አይደለም፤ ደም የሌለበት የልጆች ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ አይፈልገውም። ያን የተረፈ ሽሮፕ እምቢ ማለትሽ፣ እንጥሏንም አለማስቆረጥሽ ልጅሽን ከሌላ አደጋ አድኗታል። እንጥል ተቆርጠው ደም እየፈሰሳቸው የሚመጡ ልጆች ዛሬም አይጠፉም።


የሦስት ልጆች እናት (ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ሰፈር)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:40

እህቴ፣ ነርሷ ሁሉን ብላለች። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ በራሴ ስለደረሰ። ሁለተኛው ልጄ ትኩሳትና ትውከት ይዞት ሆድ ነው ብዬ ሁለት ቀን ኦአርኤስ ሳጠጣው ቆየሁ። ደሙ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። እኛ እዚህ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ወባ የቤታችን ነው፤ እናንተ ደሴ ላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ አታስቡትም። እናትሽ ሐርቡ ናት ብለሻል፣ ሐርቡ ከእኛም በታች ቆላ ነው። ልጅቷ ሰሞኑን ወርዳ አድራ ነበር? ወባ ከተነከሱ ቢያንስ ሳምንት ቆይቶ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ የትናንቱን ሳይሆን ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ያለውን አስቢ። ወርዳ ከነበረ ጣቷን አስወግተሽ ደሟን አሳዪ።


ሁለት ቦታ የተንከራተተች
ማክሰኞ፣ 3:15

እኔ ግን ሌሊት መውጣት ነበረብሽ በሚለው አልስማማም። አንድ ጊዜ ልጄን ይዤ በሌሊት ወጥቼ እስከሚነጋ ወንበር ላይ አደርን፤ ብርዱ ራሱ ሌላ ጉንፋን ጨመረለት። አንቺ ቤትሽ ሆነሽ ያደረግሽውን እዚያም ቢሆን አያደርጉልሽም ነበር። ራስሽን አትውቀሺ።


ነርስ ነኝ (ኮምቦልቻ)
ማክሰኞ፣ 3:50

እህቴ፣ ወንበር ላይ ማደርሽ ያሳዝናል፣ እንደዚያ መሆን አልነበረበትም። ግን ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚጠጣና የሚሸና ልጅ ቤቱ ቢያድር ይሻለዋል፣ ያን አልክድም። ሽንት ያቆመ ልጅ ግን ማንኪያው ባይረጋለት ኖሮ በደም ሥር የሚሰጠው ቤት ውስጥ የለም። የሚጣ እናት ማንኪያው እንደሚረጋ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልታውቅ አትችልም ነበር። ማንም አይችልም።


አዛውንት ከሸዋ በር
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

ልጄ፣ ይህን የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፤ ያንቺን ጽሑፍ ያነበበችልኝም እሷ ናት። ሁለቴ አስነበብኳት።

በሌሊት የሚንኳኳው ለመርዶ ነው ያልሽው ትክክል ነው፣ እኛም እንደነግጣለን። ግን ለምጥም ይንኳኳል፣ ለእሳትም፣ ለሕመምም። እኔ ጎልማሳ ሳለሁ መኪና በየሰፈሩ አልነበረም። ታማሚ ሲኖር በር ይመታል፣ አራት ወንድ ይወጣል፣ ቃሬዛ ይያዛል፣ ዳገቱን በየተራ እየተቀባበልን እንወጣለን። የምጥ ሴት ተሸክሜ በጭቃ የወደቅሁበት ጉልበቴ ዛሬም ብርድ ሲመጣ ያመኛል። ማን ነው በሌሊት የቀሰቀሰኝ ብዬ ግን አንድ ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። ቅር የሚለኝ ያልጠሩኝ ጊዜ ነው። አንድ ጎረቤቴ እንዲሁ እንዳንቺ አፍሮ አደረ፣ ጠዋት ስሰማ ሁሉም አልቆ ነበር። እዚያ ቤት ለለቅሶ ስገባ እግሬ አልሄድ አለኝ። እኔ እኮ አጥር ለአጥር ነኝ።

በር ስትመቺ አስቀድመሽ ድምፅሽን አሰሚ። "ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ልጄ ታማብኝ ነው" በይ፣ ከዚያ ምቺ። ያኔ ሰው ሲነሳ መርዶ አይመስለውም። እኛ እንዲህ ነበር የምናደርገው።

ለጎረቤትሽም ንገሪያቸው፤ በራቸው ድረስ መጥተሽ መመለስሽን ይወቁት። አላህ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ሚጣን ሳሚልኝ።


የሠራተኛ ማኅበር አባል (ኮምቦልቻ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:10

ስለ ሥራሽ አጭር ነገር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 81 ላይ፣ ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንደሚሰጥ ተጽፏል፤ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ደመወዝ የለውም፣ ያ ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ሳትጠይቂ ቀረሽ ከመባል ያድንሻል። የጤና ጣቢያውን ወረቀት ያዢ፣ በጽሑፍ ጠይቂ፣ አንዱን ቅጂ ለራስሽ አስቀሪ። የዓመት ፈቃድ ካለሽ ደግሞ ከዚያ እንዲቆረጥልሽ ጠይቂ፣ ያኛው ደመወዝ አለው።


የሚጣ እናት (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ነርስ እህቴ፣ "መውጣት ነበረብሽ" ስትዪ መጀመሪያ ስልኩን አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ተመልሼ አነበብኩት። ሁሉም ሰው አይዞሽ፣ ደህና አድርገሻል ሲለኝ ነበር የባሰ የሚከብደኝ፤ አንቺ እውነቱን ስትነግሪኝ ቀለለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ያቺ የሦስት ልጆች እናት፣ አዎ፣ ከአሥራ ስምንት ቀን በፊት ሐርቡ እናቴ ቤት ሁለት ሌሊት አድረናል። አጎበር ነበር፣ ግን እሷ ተንከባላ ትወጣለች። ትኩሳቱ ቢበርድም ነገ ጠዋት አሳያታለሁ።

አባባ፣ የእርስዎን ለአማቴ አነበብኩላቸው። የቃሬዛው ነገር ላይ ሲደርስ አስቆሙኝና "እኔንም በቃሬዛ ነው ይዘውኝ የሄዱት" አሉ፤ ባለቤቴን ሲወልዱ ማለታቸው ነው። ስምንት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ይህን ነግረውኝ አያውቁም።


ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:00

ደሟ ታይቷል፣ ወባ የለባትም። ሥራም በጽሑፍ ጠይቄ ከዓመት ፈቃዴ ሦስት ቀን ቆርጠውልኛል፤ ነገ እወርዳለሁ።

ዛሬ እንጀራ በሽሮ በላች፣ በጣም ትንሽ፣ ግን ራሷ ቆርሳ። ከሰኞ ጀምሮ ድንችና ካሮት ቅቅል፣ አጥሚት፣ ዘይት ጠብ የተደረገበት ሩዝ እየሰጠኋት ነበር፤ ከሁለት ማንኪያ በላይ እምቢ ትል ነበር። ጤና ጣቢያም ስመለስ ጠየቅሁ፤ የምግብ ፍላጎቷ እስኪመለስላት ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ስጫት ብለውኛል።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ትናንት ከሰዓት ሚጣን አዝዬ ሄድኩና ቡና ላይ ተቀመጥን። እስከ በራቸው መጥቼ መመለሴን ስናገር እትዬ ጀበናውን ካነሱበት መልሰው አስቀመጡት። ስለ ልጃቸው ያሰብኩትንም አልደበቅሁም። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ጋሼ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡና የግቢውን በር ቁልፍ አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ፣ ትርፍ ቁልፍ ነው። "ግቢና መስኮቱን ምቺ፣ ስምሽን ጥሪ" አሉኝ። እትዬ ግን ተቆጡኝ፣ በጣም። "የእኔን ልጅ አስበሽ የራስሽን ልትገዪ?" አሉኝና ሚጣን ከጀርባዬ አውርደው አቀፏት፤ እስከምንወጣ ድረስ አልመለሱልኝም።

ባለቤቴ ዛሬ ማለዳ ገባ። ሁሉንም ነገርኩት። ቁልፉን ከበሩ ጀርባ ባለው ምስማር ላይ ሰቀለው፤ በጨለማም እጅ የሚደርስበት ቦታ ነው። ከሥሩ አንድ ሊትር የሚይዝ ባዶ ሃይላንድ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ ገብቶበት ተቀምጧል፤ ሙሉ አንድ ሊትር የሚደርስበት ላይ በእስክርቢቶ መስመር አስምሬበታለሁ፣ እኔ በሌለሁበት እማማም እንዲያውቁት።

ዚንኩ አምስተኛ ፍሬ ላይ ደርሷል። አምስት ይቀራል።